ቆዳው ተሰፍቶ ነርቩ ሲቀር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሱፍ ስቆርጥ፣ ገበር ሳለብስ፣ ጠርዝ ስዘመዝም ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ከዓይኔ ቀድሞ የሚያየው ግራ እጄ ነው። ጨርቁን በሌባ ጣቴና በአውራ ጣቴ መካከል አስገብቼ አንዴ አሸት ሳደርገው፣ ንጹሕ ሱፍ ይሁን ፖሊስተር የተቀላቀለበት፣ ካውያ የሚችል ይሁን የሚኮማተር ይነግረኛል። ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምል እንደ ሐዋርያው ቶማስ ነኝ፤ ካልዳሰስኩ አላምንም። ያች ሌባ ጣቴ ግን ለብዙ ወራት ግማሽ ጎኗ ሞቶ ነበር። ጥፋቱ ግማሹ የብርጭቆ፣ ግማሹ ያለማወቄ ነው። ሌላው ሰው ቢያንስ ሁለተኛውን ግማሽ እንዲተርፍ ብዬ እጽፋለሁ።

ጊዜው ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። የሻይ ብርጭቆ ሳጥብ እጄ ውስጥ ተሰበረ። ስባሪው የሌባ ጣቴን ሥር፣ ወደ አውራ ጣት በሚያየው ጎን ቀደደው። ቁስሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጥጥ ጨርቅ ጠምጥሜ በቅርብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ትሑትና ቀልጣፋ። ማደንዘዣ ወጋኝ፣ ቁስሉን አጠበ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ሰጠኝ፤ ከዚያ «እስቲ ጣትዎን አጠፍ ያድርጉ» አለኝ። አጠፍኩ፤ ዘረጋሁ። «ጅማቱ ደህና ነው፣ ተመስገን ይበሉ» ብሎ አምስት ቦታ ሰፋው። ስፌቱን በሙያ ዓይን አየሁት፤ ርቀቱ እኩል ነው፣ ክሩም አልተወጠረም። ረክቼ ወጣሁ።

ስህተቱ የት እንደ ነበረ ያወቅኩት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት ማንም የጣቴን ጫፍ ነክቶ «ይህ ይሰማዎታል? ከሌላው ጣት እኩል ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ከተወጋ በኋላ ጥያቄው ዋጋ የለውም፤ መድኃኒቱ ሁሉንም አደንዝዞታል። ጣት መታጠፉ ደግሞ ስለ ስሜት ምንም አይመሰክርም። ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው፤ መጋረጃ በገመድ እንደሚሳብ ከሩቅ ሆነው በጅማት ይስቡታል። በመዳፍ በኩል በጣቱ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ሥራቸው ሌላ ነው፤ ወሬ ማድረስ። አንዱ ቢበጠስ ጣቱ እንደ ወትሮው ይታጠፋል፤ በዚያ በኩል የሚሆነውን ለአንጎል የሚናገር ግን አይኖርም።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። ጅማቱንም፣ ደም ሥሩንም፣ ነርቩንም «ሥር» ብለን እንጠራለን። «ሥሬ ተቆረጠ» ያለ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የአካሉን ስም ለመጥራት አትድከሙ፤ የሚሰማችሁንና የማይሰማችሁን ተናገሩ። «የጣቴ ጫፍ የሌላ ሰው ጣት መስሎኛል» ማለት ይበቃል።

ክሩ ከወጣ በኋላም የጣቴ ግማሽ እንደ ደነዘዘ ቀረ። ስጠይቅ «እብጠቱ ነው፣ ይመለሳል» ተባልኩ። አንድ ጎረቤቴ አዝኖልኝ ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ወጌሻው ለወለምታ ስመ ጥር ነው፤ የእኔን ጣት ግን በቅባት አሽቶ አሽቶ ጤነኛውን ጎን አሳመመው። የተቆረጠ ነርቭ በመታሸት አይገናኝም።

ቀጥሎ ካውያው መጣ። ሱሪ ስተኩስ ድንገት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጨርቁ ነው ብዬ ካውያውን አነሣሁ፤ ጨርቁ ምንም አልሆነም። ሲቃጠል የነበረው ጣቴ ነው። መካከለኛውን አንጓ ትኩሱ ብረት ላይ አስደግፌው ኖሯል። ሲቆረጥ ያልፈራሁትን ሰውዬ ያን ቀን ላብ አጠመቀኝ። ሕመም ጠላት ይመስለን ነበር እኮ! ዘበኛ መሆኑን የምናውቀው ሥራውን የለቀቀ ቀን ነው።

ምሥጢሩን የፈታችው ባለቤቴ ናት። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ አንድ እሑድ አብረን ብርድ ልብስ ስናጥብ እጄን ከሞቀው ውሃ አውጥታ ታገላብጥ ጀመር። «አንተ፣ ይህች ጣትህ ግማሿ ለምን አልተጨማደደችም?» አለችኝ። እውነትም ሌሎቹ ጣቶቼ ሁሉ እንደ ዘቢብ ተኮማትረዋል፤ የሌባ ጣቴ አንድ ጎን ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ብሏል። ውሃ ውስጥ የቆየ ጣት የሚጨማደደው ቆዳው ውሃ ስለ ጠጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ነርቮች ከቆዳ ሥር ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲያጠብቧቸው ነው ቆዳው ወደ ውስጥ የሚሳበው። ነርቭ የሌለው ጣት አይጨማደድም። አያልብምም፤ ያ ጎን ደርቆ ሐር ጨርቅ ከእጄ እየሾለከ ሲያስቸግረኝ ምክንያቱ እርሱ ነበር። ይህን በተለይ ልጅ ያላችሁ ልብ በሉ። ጣቱን የተቆረጠ ትንሽ ልጅ «ስሜት የለኝም» ብሎ አይነግራችሁም፤ ቁስሉ ሲድን እጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ብታዩት ግን ጣቱ ራሱ ይናገራል።

በማግስቱ የእጅ ቀዶ ሕክምና የምታውቅ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ነካችኝ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ በአንድ ጫፍ፣ አንድ ጊዜ በሁለት ጫፍ እየነካች «አንድ ነው ሁለት?» ትለኛለች። ጤነኛ የጣት ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የተራራቁ ነጥቦችን ለያይቶ ያውቃል። ጀርባ ላይ ግን አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተራራቁ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። (ባለቤታችሁን በሁለት መርፌ ደነዝ ጫፍ ጀርባዋ ላይ ሞክሯት፤ መጀመሪያ አስፈቅዷት እንጂ።) የእኔ ጣት አንዱንም ሁለቱንም አላወቀም። «ነርቩ ተቆርጧል። በቶሎ ቢሰፋ ይቀል ነበር፤ አሁንም ግን አልረፈደም» አለችኝ።

ቀዶ ሕክምናውን ነቅቼ ነው ያሳለፍኩት። ክንዴን ብቻ ነበር ያደነዘዙት። ሥቃይ የለም፤ መጎተቱና መጫኑ ግን ይሰማኛል። ግራ ገብቶኝ ስጠይቃት ሕመምን የሚያመጡት ክሮችና ግፊትን የሚያመጡት ክሮች የተለያዩ ናቸው፣ ማደንዘዣውም ቀጫጭኖቹን ቀድሞ ይይዛል አለችኝ። የነርቩ ሁለት ጫፎች ተኮማትረው ተራርቀው ነበር። በማጉያ መነጽር እያየች ከጸጉር በቀጠነ ክር ሽፋኑን ከሽፋኑ ጋር ሰፋችው። ሃያ ሁለት ዓመት መርፌ ይዤ እንዲህ ያለ ስፌት አልሰማሁም፤ መጋረጃው ባይከልለኝ ኖሮ ሙያ እማር ነበር።

ሦስት ሳምንት ጣቴ ታስሮ ተቀመጠ። በቀጠሮ ስመለስ መቼ እንደሚሰማኝ ጠየቅኳት። መልሷን ልብስ ሰፊ እንዲገባው አድርጋ ሰጠችኝ። የነርቭ ክር ማለት የአንድ ሕዋስ ረጅም እጅ ነው። ሕዋሱ የሚኖረው አከርካሪው አጠገብ ነው፤ እጁ ግን እስከ ጣት ጫፍ ይዘረጋል። ሲቆረጥ ከቁስሉ ወዲያ ያለው ክፍል ይሞትና ባዶ እጅጌው ይቀራል። በሕይወት ካለው ጫፍ አዲስ ቡቃያ ይወጣና በዚያ ባዶ እጅጌ ውስጥ ያድጋል፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፤ ከጠባሳው እስከ ጣቴ ጫፍ ሰባት ሳንቲ ሜትር። ሰባ ቀን! ለመነሻው ሦስት አራት ሳምንት ጨምር አለችኝ። ሰፍቼ በሦስት ቀን አድርስ ስባል የኖርኩ ሰው በሚሊ ሜትር መጠበቅ ተማርኩ።

መድረሱን የሚያሳይ ምልክትም አለው። ከጠባሳው ጀምራችሁ ወደ ጣቱ ጫፍ በቀስታ መታ መታ ስታደርጉ፣ ቡቃያው የደረሰበት ቦታ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር ያደርጋችኋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ቲኔል በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ላይ አስተውሎ የጻፈው ነው፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጣቴ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደርግ ነበር። ነጥቧ ወደ ጥፍሩ ስትጓዝ ማየት ያጽናናል። ነዘር ማለቱ ደስ አይልም፤ ግን ደግ ወሬ ነው። አንዳንዱ ሰው ደንግጦ «ባሰብኝ» ብሎ ሕክምናውን ይተዋል። አትተዉ።

በመጠበቁ ወራት ያነበብኩትንና ከሐኪሟ የሰማሁትን ለእኔ በገባኝ መልክ ልንገራችሁ። በአንድ እጅ የመዳፍ በኩል 17,000 ያህል ንክኪ ተቀባዮች አሉ፤ አራት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የቁልፍን ጠርዝና የጨርቅን ሸካራነት ይለያል። ሁለተኛው ጨርቅ ከእጅ ሊያመልጥ መንሸራተት ሲጀምር ቶሎ ይነቃል፤ ብርጭቆ ሳናይ የምንጨብጠው በእርሱ ነው። ሦስተኛው ንዝረት ያውቃል፤ የስፌት መኪናዬ መርፌ መዶልዶሟን ድምፅዋ ከመለወጡ በፊት የሚነግረኝ እርሱ ነው። አራተኛው የቆዳ መወጠርን ይከታተላል። ቆዳው ሲጫን በነርቩ ጫፍ ላይ ያለች ጥቃቅን በር ትከፈትና የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሣል። ለንክኪ ዋና የሆነችው በር ፒዬዞ 2 ትባላለች። እርሷን ካገኙት ተመራማሪዎች ዋናው አርደም ፓታፑቲያን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት በሕክምና ተካፍሏል። ጁሊየስ ያገኛት የሙቀት በር ደግሞ 43 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ትከፈታለች፤ የሚያስቀኝ፣ የበርበሬ ማቃጠያ ንጥረ ነገርም ያንኑ በር ይከፍታል። «ሚጥሚጣው አቃጠለኝ» ስንል ለካ ማጋነናችን አይደለም።

የንክኪው ወሬ የሚሄድበት ክር ወፍራም ነው፤ በስብ ገበር ተለብጧል። በሴኮንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይሮጣል። የሚያቃጥለውን፣ ቆይቶ የሚጠዘጥዘውን ሕመም የሚያደርሰው ክር ገበር የለውም፤ በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል እያዘገመ ይሄዳል። ጣታችሁን በር ቢዘጋባችሁ መጀመሪያ መመታቱ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሕመሙ የሚመጣው ለዚህ ነው። የንክኪው መልእክት በህብለ ሰረሰር በዚያው ጎን ይወጣና አንጎል ሥር ሲደርስ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ስለዚህ የግራ ጣቴን የሚያውቃት ቀኝ አንጎሌ ነው። እዚያ ደግሞ የመላ ሰውነት ካርታ አለ። በሞንትሪያል የሠራው ዊልደር ፔንፊልድ ነቅተው ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሕሙማን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካካ፣ የት እንደ ተሰማቸው እየጠየቀ የነደፈው ነው። ካርታው በሰውነት ልክ አልተቆረጠም። ለጀርባ መሐረብ የምታህል፣ ለእጅና ለከንፈር ግን ሙሉ ጥቅል ተመድቧል።

ደንበኞቼን አንድ ነገር እላቸው ነበር፤ «ከለበሱት አምስት ደቂቃ በኋላ ኮቱ የሚሰማዎት ከሆነ አልተስተካከለም፤ ይመልሱት»። ምክንያቱን አላውቅም ነበር። አብዛኞቹ ተቀባዮች ለውጥ እንጂ ያለውን ነገር ደጋግመው አያወሩም፤ የማይነቃነቅ ጨርቅ ይረሳል፣ የሚፈገፍግ ኮሌታ ግን በየእርምጃው አዲስ ወሬ ነው።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ቀን ኮሌታ ስይዝ መርፌ ወጋኝ። «አህ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ። ረዳቴ ደንግጦ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ሲል ጣቴን አሳየሁት። ደም ጠብ ብሏል። ሲመለስ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ሕመምና ሙቀት፣ ቀጥሎ በቆዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ንክኪ፣ ከዚያ ቆሞ የሚጫን፣ ረቂቁ መለየት ከሁሉ በኋላ።

የተመለሰው ግን የተዘበራረቀ ነበር። ጫፉን ስነካ መካከለኛው አንጓ ላይ ይሰማኛል። ጥጥ ስዳስስ ሽቦ ይመስለኛል። ሐኪሟ ያስጠነቀቀችኝ ይህንን ነበር፤ አንዳንዱ ቡቃያ የሌላውን እጅጌ ለብሶ ይወጣል። አንጎል ግን ይህን አያውቅም፤ በድሮው ካርታ ማንበቡን ይቀጥላል። ነርቩ በራሱ ያድጋል፣ አንጎሉ ግን እንደ ተማሪ ካልተለማመደ አያነብም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ከዚህ በላይ አይድንም፣ ይኸው ነው» ብሎ ያቆማል።

ልምምዴ እንዲህ ነበር። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ፤ ከዚያ ካለፈ ሐሳብ ይበተናል። የእርሳስ ጀርባ በጣቴ ላይ እያየሁ እጎትታለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እደግመዋለሁ፤ ዓይኔን ገልጬ ትክክል መሆኔን አረጋግጣለሁ። ዓይን ለጣት አስተማሪ ነው። እንዲያውም ጮክ ብዬ «አሁን ጫፉ ላይ ነው፣ አሁን ወደ ታች ወረደ» እላለሁ፤ መንገደኛ ሲሰማኝ አብዷል ሳይል አይቀርም። ቀጥሎ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰበሰብኩ፤ ጆንያ፣ ጂንስ፣ ከፋይ፣ ጥጥ፣ ሐር። መጀመሪያ ጆንያንና ሐርን፣ እየዋለ እያደረ ጥጥንና ከፋይን። ሁልጊዜ በጤነኛው ቀኝ ጣቴ ደግሞ እዳስሰዋለሁ፤ «ጥጥ ማለት ይህ ነው» ብዬ ለአንጎሌ እንደ ማሳየት ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ ሳህን ጤፍ ውስጥ ሽንብራ፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የሃምሳ ሳንቲምና የአንድ ብር ሳንቲም ትቀብርልኝና ዓይኔን ጨፍኜ ስም እየጠራሁ አወጣለሁ። ጤፉን መልሳ ታበጥረዋለች፤ ዋጋውን እያስታወሰችኝ።

የእጅ ልምምድ የሚሰጥበት ክፍል ደጃፍ ላይ ወረፋ ስጠብቅ በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው የዳኑ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ተህዋሲው ከብዙ ዓመት በፊት በመድኃኒት ጠፍቷል፤ የጎዳው ነርቭ ግን አልተመለሰም። ጣታቸውን ያሳጣቸው ራሱ በሽታው ሳይሆን ያልተሰማቸው ቁስልና ቃጠሎ እንደ ሆነ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ማታ ማታ እጅህን በመብራት መርምር። የማይሰማህን እጅ በዓይንህ ጠብቀው» አሉኝ። የስኳር ሕመም ላለባቸው እግርን መመርመር የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀበናም ካውያም በቀኝ እጄ ብቻ ሆነ፤ የውሃውንም ሙቀት የምለካው በክርኔ ነው።

አሁን እንዴት ነኝ? በሁለት መርፌ ደነዝ ጫፍ ስሞክረው ጤነኛው ጎን ሦስት ሚሊ ሜትር ሲለይ ያኛው ሰባት ስምንት ይፈልጋል። ቁልፍ እይዛለሁ፣ ሳንቲም ኪሴ ውስጥ እለያለሁ፣ ካውያ ሲነካኝ እጮኻለሁ። ጨርቅ ላይ ግን ሐርና ጥሩ ፖሊስተር አሁንም ይምታቱብኛል፤ ለዚያ ወደ መካከለኛው ጣቴ ዞሬያለሁ፣ እርሱም ሙያውን ቶሎ ለምዷል። ያልጠበቅኩት ብርዱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲከርር ያች ጣት ትጠዘጥዘኛለች፤ የነርቭ ጉዳት ያገኘው ጣት ብርድ እንደማይወድ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። ከተረፈ ግራጫ ሱፍ፣ ገበሩ ጥጥ የሆነ፣ የአንዲት ጣት ልብስ ሰፋሁላት። ደንበኞች እያዩ ይስቃሉ፤ አንዱ ባለፈው ሳምንት «እንዲህ ያለውን ለአምስቱም ቢሰፉልኝ ስንት ነው?» ብሎኛል።